ላጉ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ያወጣሁት ገንዘብ

ባለፈው ሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ዶታ 2 የሚባለውን፣ አምስት ለአምስት በኢንተርኔት የሚገጠም የኮምፒውተር ጨዋታ እየተጫወትን ነበር። እኔ ባህር ዳር ዓባይ ማዶ ቤቴ ነኝ። የአጎቴ ልጅ ጎንደር ነው። ሦስቱ ጓደኞቻችን አዲስ አበባ ናቸው። ጨዋታው 40 ደቂቃ አልፎታል። ዋናው ፍልሚያ ሊጀመር ሲል ስክሪኔ ቀጥ አለ። ማውሱን ወዲህ ወዲያ ባደርግ የሚሰማኝ የለም። ምስሉ ሲመለስ የእኔ ጀግና፣ ጨዋታው ውስጥ የምመራው ገጸ ባሕርይ፣ ተጋድሟል፤ ተቃራኒው ቡድን ደጃፋችን ደርሷል።

«አንተ፣ ኧረ ይሄን ኢንተርኔትህን አንድ በለው!» አለኝ የአጎቴ ልጅ በማይኩ።

እኔም ኢንተርኔቱ ነው ብዬ አመንኩ። ሰኞ ሄጄ የወር ፓኬጄን በእጥፍ አሳደግሁ። ዳውንሎድ በእርግጥ ፈጠነ። ጨዋታው ግን ያው ነው። 20 ደቂቃ ጥሩ ይሄዳል፣ ከዚያ መቆራረጥ ይጀምራል። ቀጥሎ «ራም ነው» አሉኝ። ራም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የሥራ ማህደረ ትውስታ፣ ጨመርኩ። ትንሽ ለውጥ አየሁ፣ ያ ቀጥ ማለቱ ግን አልጠፋም። በመጨረሻ አዲስ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን የሚሠራውን ክፍል፣ ልገዛ ብር ማጠራቀም ጀመርኩ። ያኔ ነው ቀበሌ 14 አካባቢ የኮምፒውተር ሜንቴናንስ የሚሠራ አንድ ልጅ ያስቆመኝ።

«ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ» አለኝ። «መጀመሪያ ክፈተውና እየው።»

ያ ምክር ብዙ ገንዘብ አትርፎልኛል። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝታችሁ፣ ካርድ ሰክታችሁበት፣ ማታ ማታ ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ለምትታገሉ ነው። ገንዘብ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ችግሩ ከየት እንደሆነ መለየት ይቻላል። መለያው ነጻ ነው። አንድ ማታ ብቻ ይፈልጋል።

ማሽኔ የተለየ ነገር የለውም። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-7500 ነው። አራት ኮር፣ መደበኛ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋ ኸርዝ፤ ሥራ ሲበዛበት ከዚያ ከፍ ይላል። ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ባለ 4 ጊጋ። ይህ ካርድ ለእንደዚህ ዓይነት የቢሮ ማሽን የሚመረጥበት ምክንያት አለው። የሚወስደው ኃይል 75 ዋት ነው። ያንን የሚያገኘው ከተሰካበት ማስገቢያ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ስሪቶች ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም። የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የእኔ 240 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩ 65፣ ካርዱ 75 ሲወስዱ በሰላም ይሸከማቸዋል። ትልቅ ካርድ ብሰካበት ኖሮ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ።

አሁን ወደ መለየቱ። እኛ የጨዋታውን መቆራረጥና መዘግየት «ላግ» ብለን አንድ ስም የሰጠነው ነገር ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

ጨዋታው ውስጥ ሴቲንግ ገብታችሁ ኤፍፒኤስና ፒንግ ስክሪን ላይ እንዲታይ አድርጉ። ኤፍፒኤስ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚታይ ነው፤ ፒንግ ደግሞ መልእክት ጨዋታውን ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊ ሰከንድ። ዶታም ካውንተር ስትራይክም ይህ አላቸው። ከዚያ ተጫወቱና ሲቆራረጥ ቁጥሮቹን እዩ። ኤፍፒኤሱ ወርዶ ፒንጉ ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ኢንተርኔቱን አትውቀሱት። ምስሉ እንደ ቅቤ እየሄደ ጀግናችሁ ግን ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ የነካችሁት ነገር ዘግይቶ የሚታዘዝ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ነው። ሦስተኛው ሰው የማይጠረጥረው ነው። መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚበላሽ ከሆነ ሙቀት ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ስታበሩት እንደገና ጥሩ ይሆናል። ሰው «ሪስታርት ሳደርገው ይሠራል» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ሪስታርቱ አይደለም የፈወሰው፣ እረፍቱ ነው።

የእኔ ሦስተኛው ነበር። በኋላ ሁለተኛውም እንዳለብኝ ደረስኩበት።

ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት በየሰከንዱ ይመዘግባል። ከፍቼው ጨዋታ ገባሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሳየው ሙቀቱ 98 ዲግሪ ደርሷል። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 100 ነው። እዚያ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። የእኔ 3.6 ላይ የነበረው ወደ 1.9 ጊጋ ኸርዝ ወርዶ ነበር። ማለትም በግማሽ ፍጥነት እየተጫወትኩ ነው። በዚያ ላይ የኢንተርኔት ፓኬጅ ብደራርብበት ምን ይረዳኛል?

እሑድ ጠዋት ከፈትኩት።

ሳጥኑ የተቀመጠው ሳሎን ካለው ቡፌ ከታችኛው መደርደሪያ ነበር፤ ጀርባው ከግድግዳው ተጣብቋል። ላዩ ላይ እናቴ የሠራችው ዳንቴል ተነጥፎበታል። ዳንቴሉ ያምራል። ግን በጎኑ ወርዶ አየር የሚያስገባውን ወንፊት ሸፍኖት ነበር። የጎኑን ክዳን ሳነሳ የጠበቅሁት ትንሽ አቧራ ነው። ያገኘሁት ባዘቶ ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን ስር ባሉት የብረት ክንፎች መሐል ግራጫ ጥጥ የሚመስል ነገር ተጠቅጥቋል። በጣቴ ሳነሳው እንደ ስስ ምንጣፍ አንድ ላይ ተላጦ መጣ። ውስጡ ከሐይቁና ከወንዙ ማታ ማታ የምትመጣው ደቃቃ ትንኝ አለች፣ በመቶ የምትቆጠር፣ ደርቃ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ትንኟ ወደ መብራት ትመጣለች፣ ፋኑ ይስባታል። ከአቧራው ጋር ሆና ክንፎቹን ደፍናቸዋለች። ፋኑ ይዞራል፣ አየር ግን አያልፍም።

«ልጄ፣ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር እኮ ሰሞኑን» አለች እናቴ ከኋላዬ ቆማ። «ቡና ስቀዳ እጄን አቃጥሎኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም እማ?»

«ሲሠራ ይሞቃል ብዬ ነዋ።»

ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ይሞቃል በእርግጥ፤ ግን እጅ እስኪያቃጥል አይደለም።

የባህር ዳር ነገር ትንሽ ይከብዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ክፍሉ ራሱ ሞቃት ነው። በዚያ ላይ ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተሞች አየር የሳሳ ነው። ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢዞር ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ቦታ ንጽሕና ለማሽን ቅንጦት አይደለም።

ያጸዳሁበትን መንገድ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉት። ከነቀላችሁ በኋላ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይለቃል። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ባዶ ብረት በእጃችሁ ንኩ፤ ሰውነታችን ላይ ያለው ስታቲክ ራምና ቦርድ ይገድላል። ገመዶቹን ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትመልሱ «ይሄ ከየት ነበር?» ማለታችሁ አይቀርም።

አቧራውን በደረቅ የቀለም ቡርሽ ጥረጉ፤ ለስላሳውን ምረጡ። ፋኑን ስትጠርጉ እንዳይዞር በጣት ወይም በስቴኪኒ ያዙት። አንዳንድ ሰው ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል። እኔ አልመክርም። ኮምፕሬሰሩ ውሃ ይተፋል፣ ግፊቱም ፋኑን ከአቅሙ በላይ አዙሮ ይሰብረዋል። ውጭ በረንዳ ላይ ማጽዳቱን አትርሱ፤ እኔ ሳሎን ጀምሬው ምንጣፉን ማጠብ ግድ ሆነብኝ።

ከዚያ ተርማል ፔስቱ አለ። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መሐል ያለው ግራጫ ቅባት ነው፤ ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው እሱ ነው። የእኔ እንደ ክረምት ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁት። ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ጄሉ ይጣበቃል። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ አዲሱን ፔስት መሐሉ ላይ፣ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ ጠብታ አደረግሁ። በጣት መቀባት አያስፈልግም፤ ብረቱ ሲጫነው ራሱ ይነጠፋል። አራቱን ብሎኖች በአንዴ አታጥብቁ። አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፣ እንደዚያ እያላችሁ ዞሩ።

ሳጥኑን ከቡፌው አወጣሁት፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ዳንቴሉን እናቴ ራሷ ወስዳ ሬዲዮው ላይ አነጠፈችው። ማታ ያንኑ ጨዋታ ለአንድ ሰዓት ተጫወትኩ። ሙቀቱ ከ72 ዲግሪ አላለፈም። ፍጥነቱም ከ3.6 አልወረደም። ሠላሳዎቹ ውስጥ ይገባ የነበረው ኤፍፒኤስ ከ70 በላይ ጸና። ለዚህ ያወጣሁት የፔስትና የቡርሽ ዋጋ ነው። ለፓኬጅ ካወጣሁት ጋር ሳነጻጽረው ቆጨኝ።

ምስሉ ተስተካከለ። ግን አልፎ አልፎ ጀግናዬ አሁንም ወደ ኋላ ይመለሳል። እንግዲህ አሁን በእርግጥ የመስመር ተራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስፒድ ቴስት ከፍቶ «ፍጥነቴ ጥሩ ነው» ይላል። ስፒድ ቴስት በዋናነት የሚነግራችሁ የቧንቧውን ስፋት ነው። ጨዋታ ግን ሰፊ ቧንቧ አይፈልግም፤ ከአንድ ቪዲዮ እጅግ ያነሰ ዳታ ነው የሚወስደው። የሚፈልገው ትንሽ መልእክት ቶሎ ቶሎ ደርሳ እንድትመለስ፣ መንገድም ላይ እንዳትጠፋ ነው። ፓኬጄን ማሳደጌ ያልረዳኝ ለዚህ ነው።

እንዲህ ለዩት። ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ ክፈቱ። ፒንግ የሚለውን ትዕዛዝ ጽፋችሁ ቀጥሎ የራውተራችሁን አድራሻ አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነ ራውተሩ ስር ተለጥፏል። ከኋላው ሰረዝና ቲ ፊደል ከጨመራችሁበት እስክታቆሙት ድረስ ይለካል። አምስት ደቂቃ ተዉት። ይህ የሚለካው ከኮምፒውተራችሁ እስከ ሳሎናችሁ ራውተር ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከቤት አይወጣም። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሰከንድ ሆኖ መጽናት አለበት። ቀጥሎ ያንኑ በ8.8.8.8 ድገሙት፤ እሱ ከቤት ውጭ ያለውን መንገድ ይለካል።

ያኔ ማሽኑን አየር ወደሚያገኝበት ወደ ጓሮ ክፍሌ ወስጄው በዋይፋይ ነበር የምጠቀመው። ራውተሩ ላይ ፒንግ ሳደርግ ቁጥሩ 3፣ 5፣ 4፣ 180፣ 6፣ 410 እያለ ይዘላል። አንዳንዴ ጭራሽ ምላሽ የለም። ልብ በሉ፣ መልእክቷ ገና ከግቢያችን አልወጣችም። ወሩን ሙሉ የኢንተርኔት አቅራቢውን ስወቅስ ነበር፤ ጥፋቱ ግን በራሴ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ መሐል ነበር።

መፍትሔው ገመድ ነው። 20 ሜትር ካት 6 የኔትወርክ ገመድ ገዝቼ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በኮርኒሱ ውስጥ አሳለፈልኝ። ካት 5ኢም ይበቃል። እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ስለሚሠራ ጓሮ ድረስ ብትወስዱትም አትስጉ። ራውተሩ ላይ የማደርገው ፒንግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ1 ሚሊ ሰከንድ አልፎ አያውቅም። ገመድ መዘርጋት የማትችሉ ከሆነ፣ ተከራይ ከሆናችሁ ለምሳሌ፣ ራውተራችሁ 5 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ እንዳለው እዩ። ጎረቤት ሁሉ የሚጋፋበት 2.4 ነው። ግን 5ቱ ግድግዳ አይወድም፤ ከራውተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስትሆኑ ነው የሚጠቅማችሁ።

ገመዱም እያለ አንድ ማታ ፒንጌ 700 ገባ። ደነገጥኩ። እህቴ ከጓደኞቿ ጋር በጀልባ ዘጌ ሄዳ የተመለሰችበት ቀን ነበር። ስልኳ ቤት ዋይፋይ እንዳገኘ የገዳማቱን፣ የሐይቁን፣ የቡናውን ፎቶ ሁሉ ባክአፕ ማድረግ ጀምሯል። አፕሎድ መስመራችን ጠባብ ነው። ጠባቡ ሲሞላ የእኔ ትንሿ መልእክት ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ይህን የሚፈታው ራውተሩ ውስጥ ያለው የባንድዊድዝ መቆጣጠሪያ ነው፤ አንዳንዱ ራውተር ኪውኦኤስ ይለዋል። አፕሎዱንም ዳውንሎዱንም ከምታገኙት ፍጥነት 85 በመቶ ገደማ ላይ ገድቡት። ጥቂት ፍጥነት ትተዋላችሁ፣ ወረፋው ግን ይጠፋል። ራውተራችሁ ይህ ከሌለው ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ነው። እህቴ ባክአፑን ሌሊት አደረገችልኝ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቪዲዮ በራሱ ዳውንሎድ እንዳያደርግ በቤቱ ስልክ ሁሉ አጥፍተናል። ይህ ብቻውን ብዙ ለውጥ አለው፤ በየግሩፑ የሚላከው ቪዲዮ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን ምንም ብታደርጉ አይቀየርም፤ ርቀት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከባህር ዳር ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 10,000፤ ማለትም መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ የለም። እኛ የባህር በር የለንም፤ ከአገር የሚወጣው መስመር በአብዛኛው ጅቡቲ ወርዶ ነው የባህሩን ኬብል የሚያገኘው። ከዚያ ቀይ ባሕርን፣ ግብጽንና ሜዲትራኒያንን አልፎ ነው አውሮፓ የሚደርሰው። በእኔ ቤት አውሮፓ 130 አካባቢ ነው። ይህን «ወደ 30 አወርድላችኋለሁ» የሚል ፕሮግራም ካያችሁ አትክፈሉ።

የምትችሉት ሰርቨር መምረጥ ነው። ካርታ ላይ ዱባይ ትቀርበናለች፤ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዳታው ግን በካርታ አይሄድም። አንዳንድ ማታ ለእኔ ምዕራብ አውሮፓ ከዱባይ ይሻላል። ዶታ ላይ የሰርቨሮቹ ፒንግ ጨዋታ ከመፈለጋችሁ በፊት ይታያል፤ በየማታው እዩት። ዝቅተኛውን ሳይሆን የማይዘለውን ምረጡ። 140 ላይ የጸና ፒንግ እጅ ይለምደዋል፤ 90 እና 250 መሐል የሚዘል ግን አይለመድም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ሀርድ ዲስክ ላይ ከሆናችሁ፣ ቀጣዩ ገንዘባችሁ ለኤስኤስዲ ይሁን። ሀርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል፤ ተራው የሳታ ኤስኤስዲ ከ500 ያልፋል። ኤፍፒኤስ ብዙም አይጨምርም። ግን አዲስ ነገር ስክሪን ላይ ሲመጣ የሚያደናቅፈው መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፣ ዊንዶውሱም ሌላ ማሽን ይመስላል።

ራም ስትጨምሩ አንድ ትልቅ ከምትሰኩ ሁለት እኩል ስኩ። 8 ጊጋና 8 ጊጋ በትክክለኛው ማስገቢያ ላይ ሲገቡ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነባል። የእኔ ራም መግዛት ስህተት አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተሳሳተው። የተለየ ካርድ ለሌላችሁ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ለምትጫወቱ ደግሞ ይህ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል።

ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ገብታችሁ ስታርትአፕ ውስጥ የማትፈልጉትን አጥፉ። ፓወር ፕላኑን ሃይ ፐርፎርማንስ አድርጉ። የግራፊክስ ድራይቨሩን ከካርዱ አምራች ጫኑ። ጨዋታው ውስጥ መጀመሪያ ሻዶውን ዝቅ አድርጉ፤ ብዙ የሚበላው እሱ ነው። ከዚያም ካልበቃ ምስሉን በትንሽ ጥራት ሠርቶ የሚያሳድገውን ኤፍኤስአርን አብሩ። ሞኒተራችሁ 75 ኸርዝ ከሆነ ኤፍፒኤሱን 75 ላይ ገድቡት፤ ካርዱ በከንቱ አይሞቅም።

«ጌም ቡስተር» የሚባሉትን ፕሮግራሞች ሞክሬያቸዋለሁ። ምንም አላየሁባቸውም። ከዚህ የባሰው ሳይከፈልበት የተሰበረ (ክራክ) ጨዋታና ዊንዶውስን ያለ ክፍያ የሚከፍት፣ በፍላሽ የሚዞር አክቲቬተር ነው። ምንም ሳትከፍቱ ፕሮሰሰሩ ወይም ካርዱ 100 በመቶ የሚሠራ ከሆነ፣ ውስጥ የሰው ክሪፕቶ የሚቆፍር ቫይረስ ሊኖር ይችላል። በዊንዶውስ ዲፌንደር ሙሉ ስካን አድርጉ፤ እምቢ ካለ ፎርማት ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘውን፣ ግዙ። ማሽኑን ለመጫወቻ ለሰዓታት ስለሚይዝ አይደለም፤ በወጉ አጥፍታችሁ እንድትነሱ ነው። መሐል ላይ ድርግም ሲል ፋይል ይበላሻል። ክረምት መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ማሽኑን ከሶኬት፣ ራውተሩንም ከሶኬቱና ከሚገባው መስመር ንቀሉ። ሰው ሶኬቱን ነቅሎ የስልኩን መስመር ይረሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው ወር ካርድ ተገዝቶለት «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። እናቱ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ተታልለን ይሆን?» አሉኝ።

«ቆይ እትዬ፣ ልየው» ብዬ ከጀርባው ጎንበስ አልኩ። ሞኒተሩ አሮጌ ነው፣ ገመዱ ቪጂኤ ነው። የተሰካው ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ካርዱ የእኔው ዓይነት 1050 ቲአይ ነው፤ ይህ ትውልድ ቪጂኤ የለውም። ልጁ ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጎ አሮጌው ቦታ መለሰው። አዲሱ ካርድ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጨዋታው የሚሄደው በድሮው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ነበር። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ገዛን፣ ካርዱ ላይ ሰካን። ልጁ የጨዋታው ሣር ሲታየው ጮኸ። እናቱ ቡና ሳላቀምስህ አትሄድም ብለው አስቀመጡኝ።

የእኔ ማሽን አሁን በየሦስት ወሩ ይከፈታል። ጥቅምት ዝናቡ አቁሞ አቧራው ሲጀምር አንዴ፣ ከመጋቢት ሙቀት በፊት አንዴ ግን ግዴታ ነው። ያጠራቀምኩት የካርድ ብር አሁንም አለ።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከጎንደር ደወለ። «የእኔም ጀመረው» አለ። «ኢንተርኔቱን ላሳድገው?»

«ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው የሚጀምረው?»

«ከሩብ ሰዓት ምናምን።»

«ሪስታርት ስታደርገውስ?»

«ደህና ይሆናል።»

«የጎኑን ክዳን ክፈትና ፎቶ ላክልኝ» አልኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፎቶው ደረሰ። ፋኑ አይታይም፤ ግራጫ ባዘቶ ብቻ። መልሼ ደወልኩለት። «ቡርሽ አለህ?» አልኩት። «አለ።» «በል እንግዲህ፣ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀለው።»